የቅዳም ሹር ፍላጻ

ይርጋ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል። ከጋራዡ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ ደመናውን ቀና ብሎ ያያል፣ ይመለሳል፤ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን የልጁን ቀስት በጣቱ ነካ ያደርግና እንደገና ይወጣል። ሚስቱ የሺሀረግ ከወጥ ቤቱ መስኮት ታየዋለች። በመጨረሻ የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ ብቅ አለችና፣ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ሰው ምን ያንቆራጥጥሃል አለችው። ፍላጻው አልተስማማም ብሎ መለሰላትና ገባ።

እውነቱን ነው፤ ፍላጻው አልተስማማም። ያንቆራጠጠው ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

ይርጋ ባሕር ማዶ፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር የሚኖር ጡረተኛ ነው። ሰንሻይን ውስጥ በርና መስኮት በሚሠራ ፋብሪካ ጸጉሩ እስኪሸብት ሠርቷል። አደን የለመደውም ከዚያው ነው። ፎርማኑ የነበረው ኮሊን ከከተማው ርቆ ተራራ ሥር የከብት መሬት አለው፤ አጋዘን ሣሩን ስለሚጨርስበት የሚያምነውን ሰው እየጠራ ያስገድላል። ጠመንጃ ይርጋ በወጣትነቱ በቃኝ እስኪል አይቷል። ስለዚህ ቀስት ያዘ። የያዘውም የድሮው ዓይነት፣ እንጨትና ጅማት የሆነው አይደለም፤ ላይና ታቹ መዘውር ያለው፣ ሲስቡት መጀመሪያ የሚከብድ፣ መጨረሻው ላይ ቀለል ብሎ እጅ ላይ የሚያርፍ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቅዳም ሹር ጠዋት አንድ አጋዘን ይጥላል። የዚያ ቤት ሁዳዴ የሚፈታው በዚያ ሥጋ ነው። ሱዳን ካምፕ አብረውት የነበሩት ሽማግሌ፣ ጋሼ ተክለሃይማኖት፣ ከፉትስክሬይ አውቶቡስ ተሳፍረው የሚመጡት ለዚያ ሥጋ ነው።

ዘንድሮ የቀኝ ትከሻው ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሙ ሰፍቶ ሲያበቃ፣ ከእንግዲህ ቀስት የሚባል ነገር እንዳትስብ አለው። ይርጋ ቤት ገብቶ ቀስቱን በብርድ ልብስ ጠቀለለና መደርደሪያው ላይ አወጣው። የሺሀረግ በግ እንገዛለን አለች። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ሲል ልጃቸው ኑሀሚን፣ ሰንሻይን መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የምትነዳው፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ እኔ እሄዳለሁ አለች።

መሄድስ ከማንም በላይ ለእሷ ይገባ ነበር። ቀስት የተማረችው ከእሱ ጎን ቆማ ነው። የራሷ ቀስት አላት፣ የአደን ፈቃድ አውጥታለች፣ በቀስት ክለቧ የሚያህላት ጥቂት ነው። ከእሱ እንደምትበልጥ ይርጋ ካወቀ ቆይቷል፤ ለማንም አልተናገረም እንጂ።

የከበደው ቢላው ነው።

ተወግቶ ሳይባረክ የሞተ እንስሳ በክት ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ «በስመ አብ» ብሎ አንገቱን የሚቆርጥ ሰው ካልተገኘ፣ ሥጋው የፈለገውን ያህል ቢያምር የኮሊን ውሾች ሲሳይ ነው። ያን ቢላ ደግሞ በይርጋ ቤት ሴት ይዛው አታውቅም፤ በአባቱም ቤት እንዲሁ። ዶሮ እንኳ ብትሆን ወንድ እስኪመጣ እግሯ ታስሮ ትጠብቃለች። ኮሊን በየዓመቱ የሚሰጣቸው ምክር አንድ ነው፦ ወግታችሁ ስታበቁ ቁጭ በሉ፣ ሻያችሁን ጠጡ፣ ከዚያ ተከተሉት፤ ያላሳደዱት አጋዘን ሩቅ ሳይሄድ ይተኛል። የአገሩ አዳኝ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ይርጋ በየዓመቱ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ በየዓመቱም ፍላጻው ከእጁ እንደወጣ ይሮጣል። ዘንድሮ እሷ ትወጋለች፣ እሱ ሮጦ ይባርካል። ሲናገሩት ቀላል ነው። ይርጋ ግን የግራ ጉልበቱን ያውቀዋል።

መጀመሪያ የራሱን ፍላጻዎች አወረደላት። ለረጅም ክንድና ለከባድ ቀስት የተቆረጡ፣ ደረቅ ዘንጎች ነበሩ። ከፋብሪካው ባመጣው አሮጌ የመስኮት ክፈፍ ላይ ጋዜጣ ወጠረ፤ ከኋላው ፍላጻውን የሚይዝ ወፍራም ስፖንጅ አቆመ። ኑሀሚን ከጥቂት ርምጃ ላይ ቆማ ወጋች። ጋዜጣው ላይ የቀረው ቀዳዳ ክብ አልነበረም። ጫፉ አንድ ቦታ ገብቷል፤ ጅራቱ ግን ወደ ቀኝ ቀዶት አልፏል።

«ደርቆብሻል» አላት።

ፍላጻ አውታሩ ሲገፋው ትንሽ መለመጥ አለበት። ለሚገፋው ኃይል ከደረቀ ጅራቱን እያወናጨፈ ይሄዳል፤ ከላላ ደግሞ እንደ እባብ ይሄዳል። የእሷ ቀስት ከእሱ ባነሰ ኃይል ነው የሚገፋው፣ ክንዷም አጭር ነው። ስለዚህ ሱቅ ሄደው ለስለስ ያለ የካርቦን ዘንግ መረጡ። ሻጩ በልኳ ቆርጬ ላስረክባችሁ ቢል ይርጋ እምቢ አለ። ቤት አምጥቶ፣ ቀስቷን ስባ እንድትቆም አደረገና ዘንጉ የቀስቱን ማረፊያ አለፍ የሚልበት ላይ በነጭ ብዕር ምልክት አኖረ። አላመነውም፤ እንደገና አስሳባት። አሁንም እንደገና።

የሺሀረግ በሩን ተደግፋ፣ «እኔ ለሠርጌ ቀሚስ እንኳ እንዲህ አልተለካሁም» አለች።

«ያን ጊዜ ለኪው ሌላ ነበር» አላት ይርጋ፣ ዓይኑን ከምልክቱ ሳያነሳ።

ዘንጎቹን በሚሽከረከር ዲስክ ላይ እያዞረ ቆረጣቸው። አፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለ፤ ጫፉ የሚጠመዘዝበትን ብረት በማጣበቂያ አስገባ፤ ላባዎቹን ለጠፈ። ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ ስለማይነሳ አብዛኛውን የሠራው በግራው ነው። ሲጨርስ እያንዳንዱን ጥፍሩ ላይ አቁሞ አሽከረከረው። አንዱ ሲዞር ተንቀጠቀጠ፤ ለየው። የቀሩት እንደ እንዝርት ዞሩ።

ከዚያ ወደ ጋዜጣው ተመለሱ። እሷ ትወጋለች፣ እሱ ቀዳዳውን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ የፍላጻውን ማረፊያ በብሎን መፍቻ ከፀጉር ባልበለጠ ያንቀሳቅሳል፣ እሷ ትወጋለች። ከሺፍት በወጣች ቁጥር ይህን አደረጉ። ከባዱን የአደን ጫፍ፣ ሦስት ስለት ያለውን፣ ገጥመው እንኳ ደጋገሙት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋዜጣው ላይ ክብ ቀዳዳ ቀረ፤ ዙሪያውን ስለቶቹና ላባዎቹ ያለፉበት ቀጫጭን መስመር ብቻ። ጅራቱ ጫፉን ተከትሎ ገብቷል ማለት ነው።

ኑሀሚን ቀዳዳውን በጣቷ ዞረችው። «አባዬ፣ ይቺን እንኳ ሳቅላት» አለችው።

ይርጋ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን አልመጣለትም። እንዲህ የሚሄድ ፍላጻ ሳንባን ዘልቆ በወዲያኛው ጎን ይወጣል፤ አጋዘኗ ምን እንደነካት ሳታውቅ ትወድቃለች። ለእንስሳው ከዚህ የተሻለ ሞት የለም። የሚሮጠው ሰው ግን ጊዜ የለውም። ፍላጻውን ባሳመረ ቁጥር መንገዱን ለራሱ ሲያረዝም ከርሟል፤ ይህን ያየው ከጨረሰ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፉ ተቆራረጠ። ገበያ ቢሄድ ዓይኑ ሰው ሲሮጥ ያያል። መናፈሻው ውስጥ ማንም በሌለበት ሰዓት ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው ሮጦ ሞከረው፤ ጉልበቱ መሐል ላይ ከዳው፤ ውሻ የምታናፍስ ሴት መጥታ አምቡላንስ ልጥራ ወይ አለችው።

በመሳቢያው ውስጥ ድሮ የገዛቸው ሌሎች ጫፎች ነበሩ። ሥሪታቸው አንድ ነው፤ ክብደታቸው ግን ያነሰ፣ ስለታቸውም በትንሹ የጠበበ። ጎን ለጎን ካላስቀመጧቸው አይለዩም። ኑሀሚን ሥራ ላይ እያለች ከባዶቹን ፈታና እነዚህን ገጠመ። ቁስሉ ጠበብ ይላል፣ ደሙ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ እኔም እደርሳለሁ ብሎ አሰበ። ማሰብ ከተባለ። እጁ ሲያጠብቃቸው ሐሳቡን ጨርሶ እንዳያስበው ይቻኮል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዙ ዳር ወዳለው ክለብ ሄዱ። ኑሀሚን የመጀመሪያውን ወጋች፤ ከነጥቡ ወደ ግራ፣ ወደ ላይም ከፍ ብሎ ገባ። ሁለተኛውም እዚያው። ይርጋ ከኋላዋ በመነጽር እያየ ነው። ጫፍ ሲቀል ዘንጉ እንደ ደረቀ ያህል እንደሚሆን ያውቃል፤ ያስተማራትም እሱ ነው። የቀስቱን እጀታ አያያዟን ለወጠች። ትንፋሿን ያዘች፣ ለቀቀች። ወጋች። አሁንም ግራ።

«እጄ ነው?» ብላ ጠየቀችው ሳትዞር።

«ነፋስ ይሆናል» አለ።

አጠገባቸው እንጨት ላይ የታሰረው ክር ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ቅንጣት አይወዛወዝም። ክሩን አየችው፤ እሱም እንዳየችው አየ።

ሲመለሱ መኪናውን የምትነዳው እሷ ነበረች። ፉትስክሬይ እስኪደርሱ አልተናገረችም። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ስትከፋ አማርኛው ይርቃታል። እጄ ተበላሽቷል አለች። እንስሳ አቁስዬ ጫካ ለጫካ እንድትንከራተት አላደርግም፤ ለኮሊን ደውልና አንመጣም በለው፤ እማዬ ያለችው በግ ይገዛ።

ይርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ዝም ቢል ሁሉም ነገር እዚህ ያበቃል። ሩጫ የለ፣ ቢላ የለ፤ ጋሼ ተክለሃይማኖትም በጉን ይበላሉ። ዝም ማለት ዕድሜ ልኩን ጠቅሞታል። ቀይ መብራት ላይ ቆሙ። ኑሀሚን እጇን ከመሪው አንስታ ጣቶቿን ትዘረጋለች፣ ትጨብጣለች፣ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ትመረምራቸዋለች።

«እጅሽ ደህና ነው» አለ።

«አታጽናናኝ አባዬ።»

«ጫፎቹን ቀይሬያቸዋለሁ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ጥሩንባ ሲነፋባት መንገድ ዳር አወጣችና ሞተሩን አጠፋች።

«ለምን?»

«ቀለል ያሉት ናቸው። ቀስ ብላ እንድትወድቅ።»

«ቀስ ብላ እንድትሞት።»

ይርጋ ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«አንተ እስክትደርስ።»

«እስክደርስ» አለ።

ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። ሙሉ ቀን እጄን ስረግም ዋልኩ፣ አንተም ከኋላዬ ቆመህ ነፋስ ነው ትለኛለህ አለችው። ይህን ጊዜ አማርኛዋ ተመልሶ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ያስተካከልነውን ፍላጻ ራስህ አበላሸኸው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ ዝቅ ማለቱ ከጩኸት ይበልጥ ገባው።

«ስትወድቅ ከአጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ። ቢላውን ስጠኝ፤ አለዚያ ሌላ ወጊ ፈልግ።»

ይርጋ አልሰጥም አላለም። እሰጣለሁም አላለም። «ንጂው» አላት።

ቤት ሲደርሱ ቀላሎቹን እያየችው ፈትቶ ከባዶቹን መለሰ። እሷም እያንዳንዱን ፍላጻ ወስዳ በእናቷ የወጥ ቤት ሚዛን መዘነችው። ከዚህ ቀደም የሠራላትን መዝና አታውቅም። ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ አየ፣ ወደ ጓሮም ወጣ። በማግሥቱ ወጋች፤ ነጥቡ ላይ ገቡ። ጠርታ አሳየችው፤ ስለ ቢላው ግን ዳግመኛ አላነሳችም። እሱም አላነሳም። እንዲህ እንዳሉ ሰሙነ ሕማማት ገባ።

ስቅለት ዕለት ሲሰግድ እንኳ ልቡ እዚያ አልነበረም። ግንባሩ ምድር ሲነካ የኮሊን መሬት ይታየዋል፤ ጅረቱ፣ ጉድባው፣ አጋዘኖቹ ጠዋት የሚወርዱበት ቀጭን መንገድ። ስግደቱ ሲያበቃ ጋሼ ተክለሃይማኖትን ግድግዳ ተደግፈው ሲያርፉ አገኛቸው። አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር ብሎ ጀመረና፣ ሴት ብትባርክ እንዴት ይሆናል አላቸው።

ጋሼ ተክለሃይማኖት ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሰው ጠፍቶ ነው?» አሉ።

ይርጋ ለሰውየው እነግረዋለሁ አላቸው።

ቅዳም ሹር ገና ሳይነጋ ተነሱ። ይርጋ አክፍሎ ነበር፤ ከሐሙስ ማታ ወዲህ እህልም ውኃም አፉ አልገባም። ከንፈሩ ደርቋል፤ ሲቆም ምድር ቀለል ትልበታለች። መኪናው ውስጥ ለኑሀሚን የሺሀረግ የቋጠረችላትን ዳቦ አውጥቶ ሰጣት። መልሳ ከኋላ ወንበር አኖረችው።

«አንቺም አክፍለሻል?»

ትከሻዋን ሰበቀች።

ኮሊን በረቱ በር ላይ ሻዩን ይዞ ጠበቃቸው። ምክሩን ደገመላቸው፤ ቁጭ በሉ፣ አትቸኩሉ። ይርጋ ራሱን ነቀነቀ። ኑሀሚንም ራሷን ነቀነቀች፣ የአባቷን ዓይን ግን አላየችም። ቢላው በይርጋ ወገብ ላይ፣ በአሮጌው አፎቱ ውስጥ ነበር።

ቦታ ያዙ። እሷ ከወደቀው ባሕር ዛፍ ኋላ ተቀመጠች። እሱ ዝቅ ብሎ ጅረቱ አጠገብ ሆነ። አስቦበታል፤ የተወጋ አጋዘን ቁልቁል ወደ ውኃ ይሮጣል። ከእሷ ይልቅ ከመውደቂያው ልቅረብ ብሎ ነው። ብርዱ በጫማው ሥር ገባ። ከተራራው ወንዱ አጋዘን እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይንቋረራል። ይርጋ አልንቀሳቀስ ብሎ ይታገላል።

ጎህ ሲቀድ አንዲት እንስት ብቻዋን ወረደች። ሁለት ሦስቴ ቆማ አሸተተች። ከባሕር ዛፉ ፊት ለፊት ስትደርስ ጎኗን ሰጠች። ይርጋ ልጁን አያያትም፤ ግን ቀስቱ ተስቦ፣ መዘውሮቹ ዞረው፣ ክብደቱ እጇ ላይ ሲቀል በራሱ ትከሻ ተሰማው። ከዚያ አውታሩ ጠብ ሲል ሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ርጥብ ከበሮ በመዳፍ እንደመቱት ያለ ድምፅ።

አጋዘኗ ተፈናጠረች። ወደ ውኃው አልመጣችም። ባሕር ዛፉን ዞራ ሽቅብ፣ ወደ ጉድባው ሮጠች።

ይርጋ ተነስቶ ሮጠ። ወዳሰበው አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው፣ ዳገቱን። ኑሀሚን ከፊቱ ስትሮጥ፣ ቀስቷን ስትጥል፣ አፋፉን ዘላ ስትሰወር አየ። ጉልበቱ አንዴ ከዳው፣ በእጁ መሬት ይዞ ተነሳ፤ እንደገና ከዳውና አፋፉ ላይ በደረቱ ወደቀ።

ከታች፣ እጁን ቢዘረጋ የሚነካት በሚመስል ቅርበት፣ አጋዘኗ በጎኗ ተኝታለች። ኑሀሚን ተንበርክካ አንገቷን ይዛለች። አፋፉ ቁልቁል የተቆረጠ ግድግዳ ነው፤ እሷ ዘለለችው፣ እሱ አይዘለውም። በዙሪያው ያለው መንገድ ደግሞ ሩቅ ነው። ከእንስሳዋ አፍንጫ አረፋ የቀላቀለ ቀይ ደም ይወጣል። አንድ ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ኑሀሚን ቀና ብላ አየችው። አንድ እጇን ብቻ ወደ ላይ ዘረጋች፤ መዳፏ ተከፍቶ።

ይርጋ ቢላውን ከነአፎቱ ከወገቡ መነጨቀና ጣለላት።

በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ቃሉን እኔ ከላይ ልበለው፣ እጁ የእሷ ይሁን፣ ቡራኬው የእኔ። አፉንም ከፈተ። እሷ ግን ጀምራለች። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ» አለች፤ ድምፅዋ ከሩጫው ተቆራርጧል፣ ቃሉ ግን አልተዛነፈም። ይርጋ አፉን ዘጋ። ቢላው አለፈ፤ ደሙ ተፈናጥሮ ቅጠሉን አለበሰው፣ የኋላ እግሮቿ መሬቱን ደበደቡት፤ ከዚያ ተዘረጉ።

ቢላው ሲያርፍባት በሕይወት ነበረች። ሁለቱም አይተዋል።

በዙሪያው መንገድ እያነከሰ ሲደርስ ቢላውን በሣር ጠርጋ ጨርሳለች። ፍላጻውን ሄዶ ፈለገው። ሁለቱንም ጎን ዘልቆ ከባሕር ዛፉ ማዶ አፈር ውስጥ ተተክሏል። ነቅሎ አመጣላት። እሷ አጋዘኗን ለመገልበጥ የፊት እግሯን ይዛ ትጠብቀዋለች። የኋላውን ያዘ፤ ሥራ ጀመሩ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ጋሼ ተክለሃይማኖት በነጭ ልብሳቸው መጡ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባሉ። የሺሀረግ ዶሮውን፣ ከጎኑም የአጋዘኑን ጥብስ አቀረበች። እሷ ታውቃለች፤ ቅዳሜ ሥጋውን ስትቀበል ይርጋ ነግሯት፣ ቢላውን አየት አድርጋ ዓይኗን ወደ ልጇ አዙራ፣ ከዚያ ድስት ፍለጋ ገብታለች። ሽማግሌው ማዕዱን ባረኩና እጃቸውን ወደ ጥብሱ ሰደዱ። በየዓመቱ እንደሚያደርጉት እግረ መንገዳቸውን ጠየቁ።

«ማን ባረከው?»

ተባርኳል ቢል ይበቃ ነበር። ውሸት አይሆንም፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅም አልነበረም። የሺሀረግ ጉልበቷን ታያለች። ኑሀሚን አባቷን ታያለች።

«ኑሀሚን» አለ ይርጋ።

የጋሼ ተክለሃይማኖት እጅ ከሳህኑ በላይ ቆመ። አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር የተባለው ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ላይ ታየ።

«ይርጋ» አሉ፣ «ሰው ጠፍቶ ነው?»

«አልጠፋም ጋሼ። እሷ ደርሳለች።»

ይህን ብሎ እንጀራውን ቆረሰ፣ ከጥብሱ ጠቀለለ፣ ጎረሰ። ቀስ ብሎ አኝኮ ዋጠ። ሁሉም ጠበቁት። ጋሼ ተክለሃይማኖት እጃቸውን ወደ ዶሮው መለሱ። አልተቆጡም፤ አልተነሱምም። ከዶሮው በሉ፣ ጠላቸውን ጠጡ፣ እስኪመሽ ተጫወቱ። ጥብሱን ግን አልነኩትም። ይርጋም ብሉ አላላቸውም። ሲሄዱ ኑሀሚን በመኪና ልታደርሳቸው ተነሳች፤ ደጃፉ ላይ ካፖርታቸውን እያለበሰቻቸው፣ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም ወይ ብለው በቀስታ ሲጠይቋት ይርጋ ሰማ። በኋላ ተንቀጠቀጠ፣ ስትል መለሰችላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደዚያ ነው አሉ።

አድርሳቸው ስትመለስ ጋራዡ ክፍት ነበር። ይርጋ የቅዳሜውን ፍላጻ ጥፍሩ ላይ ያሽከረክረዋል። በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፤ አጥንት ነክቶ ይሆናል። ለየው። ጠረጴዛው ላይ ቢላው ተቀምጧል፤ አሮጌው የቀንድ እጀታ ተነቅሎ ምላጩ ብቻውን ነው። አጠገቡ አዲስ የወይራ ቁራጭ።

«ምን አደረግኸው?» አለችው።

«ለእጅሽ ወፍራም ነው። አይቼዋለሁ፣ ስትጨብጪው ጣትሽ አልገጠመም።»

ነጩን ብዕር አነሳና መዳፏን እንድትዘረጋ ጠየቃት። ለካት። አላመነውም፤ እንደገና አስዘረጋት።